አፍንጫ ይዞ ማማተብ

በሰፌድ አምባ ጥንብ አንሳ በሰማይ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ እርሻ ላይም ሆነ ገበያ መንገድ፣ ቆም ይልና በግራ እጁ አፍንጫውን ይዞ በቀኙ ያማትባል፤ ከዚያ «ተመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። አፍንጫው የተያዘ ሰው «ተመስገን» ሲል ጉንፋን እንደያዘው ስለሚያንቋርር፣ እንግዳ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ወፉ ራሱ መቼም ሲያዩት ደስ የሚል ነገር የለውም። አንገቱ መላጣ፣ አረማመዱ እንደ ሰካራም፣ አፉ ከበክት ሆድ የማይወጣ ፍጥረት ነው። እንዲህ ያለው ወፍ እንዴት ምስጋና እንደደረሰው የአገሩ ሽማግሎች የሚያወሩት አላቸው።

እንደሚነገረው በድሮ ዘመን ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ባለጸጋ ሴት በዚያ አምባ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ከወለዷቸውም የቀረችላቸው ደብሪቱ ብቻ ነበረች። ጾም የማይገድፉ፣ ነዳያን የማያስርቡ ደግ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን ተጠያፊ ነበሩ። ዝንብ ያረፈበትን እንጀራ ለውሻ ይጥሉታል፤ እንግዳ የጠጣበትን ዋንጫ በግራዋ ቅጠል እስኪላላጥ ያሹታል። በክት ከሩቅ ያዩ ዕለትማ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። በክት በእጁ የነካ ሰው እንኳ የሚቀረው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ከሩቅ ስላዩት ብቻ ዓይኔ ረከሰ ብለው ይቀሩ ነበር ይባላል።

አንድ ዓመት በግንቦት ልደታ ዕለት፣ መንደርተኛው እንደ ወጉ ከቤቱ ወጥቶ ከአምባው ገደል ሥር ሲሰበሰብ፣ ድግሱ የወይዘሮ አልጋነሽ ነበር። ንፍሮው ተቀቅሎ በሰፌድ ቀርቦ፣ ቄስ ክንፉ ባርከው ሳይጨርሱ፣ ከገደሉ ላይ ጎጆውን የሠራ አንድ ጥንብ አንሳ የአህያ አንጀት አንጠልጥሎ ሲያልፍ አመለጠውና ንፍሮው መሐል ዘጭ አለ። አንጀቱ ከነፈርሱ ነበር። ሴቶቹ ጮኹ። አያ ደምለው የተባለው ጎረቤታቸው ግን ዝም ማለት አልሆነለትም፣

«እመቤቴ፣ ዘንድሮስ ንፍሮውን በሥጋ አደረጉት?» አለ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አልጋነሽ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሆዳቸው ቀደማቸውና በአገር ፊት አስመለሱ። ያን ዕለት ቤታቸው ገብተው፣ አንድም ጥንብ አንሳ ከዚያ ገደል ላይ እንዳያድር ማሉ።

ቄስ ክንፉ የነፍስ አባታቸው ነበሩና ሊያለዝቧቸው ሞከሩ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያለ ሥራ የፈጠረው የለም። ተያቸው» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው ሥራቸውን ሌላ አገር ሄደው ይሥሩ» ብለው መለሱ። ጎረምሶች ጠርተው ጠላና ዳቦ አቀረቡ፤ ከገደሉ ሥር እርጥብ ጭድና እበት ተከምሮ፣ በርበሬ ተነስንሶበት ሲጤስ ሰነበተ። ጎረምሶቹም በመጫኛ እየተንጠላጠሉ ጎጆውን አፈረሱ፣ እንቁላሉን ሰበሩ። ወፎቹ ከላይ ጥቂት ሲዞሩ ቆይተው በቆላው በኩል ሄዱ፤ ሳይመለሱም ቀሩ። ወይዘሮ አልጋነሽ ለማርያም ጧፍ አብርተው «ዛሬ ገና አየሩ ጠራ» አሉ ይባላል።

ክረምቱ ሲገባ ከብቱን በሽታ ያዘው። ላሙም በሬውም አፉን አረፋ እየደፈቀ በየመስኩ ይወድቅ ጀመር። ጅቡ በልቶ ጠገበ፣ የተረፈውን ትቶ ሄደ። ሬሳው በዝናብ እየራሰ ይነፋል፣ ይፈነዳል፤ ትሉ እንደ ቆሎ ይፈሳል፤ ዝንቡ ከሰው ዓይን አልነሣ አለ። ሽታው በግድግዳ እየገባ ወጡ ውስጥ፣ ልብሱ ውስጥ፣ የሕፃኑ ፀጉር ውስጥ ሰፈረ። ሰው ሲነጋገር እንኳ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ተነሥቶ አንዲት ጥጃ አልጎተተም። ነገሩ ፍልሰታ ደርሶ ነበርና ትንሹም ትልቁም ሊያስቀድስ፣ ሊቆርብ ተዘጋጅቷል፤ በክት የነካ ደግሞ ቤተ መቅደስ አይገባም። እያንዳንዱ በረከቱ እንዳያመልጠው ጎረቤቱ እስኪያነሣ ይጠብቃል፤ ጎረቤቱም እሱን ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ አገሩ ሁሉ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ በግማት መሐል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመላለስ ነበር።

ደብሪቱ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ስለነበር እናቷ ይህን ፅንስ በስለት ነበር የያዙት። መንደሩ የሚጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው፤ ከምንጩ በላይ የአያ ደምለው በሬ ሞቶ ከፈነዳ ሰንብቷል። ውሃው ላይ ቅባት ይንሳፈፍ ጀመር።

«እማዬ፣ ውሃው በክት በክት ይለኛል» አለች ደብሪቱ፤ የጠጣችውንም መልሳ አወጣችው። በማግሥቱም እንዲሁ። ከንፈሯ ደርቆ ዓይኗ ጎደጎደ፤ የሆዷም ልጅ መንፈራገጡን ቀነሰ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ወደ አያ ደምለው ሄዱ። «በሬህን ከምንጩ ላይ አንሣልኝ» ቢሉት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «እመቤቴ፣ ነገ ቆራቢ ነኝ» አላቸው። ሌሎቹም ያው ናቸው። ቄስ ክንፉ ራሳቸው «ቀዳሽ ነኝ፣ ልጄ፣ እጄን ምን ላድርገው?» ብለው አፈሩ። ያን የግንቦቱን ነገር ማንም አላነሣባቸውም፤ ማንሣትም አላስፈለገም። ሴትዮዋ ቤታቸው ተመልሰው ከሥዕለ ማርያም ፊት ወደቁና «እመቤቴ፣ ያንን ርኩስ የሚያነሣልኝ አንድ መልአክ ላኪልኝ» ብለው አለቀሱ። ቢጠብቁ ማንም አልመጣም፤ ከውስጥ ደብሪቱ ስታስመልስ ብቻ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ መጫኛና መጥረቢያ ይዘው ወጡ።

በሬውን በቀንዱ አስረው ሲስቡት ቆዳው እንደ ራሰ ጨርቅ ተላጠና እጃቸው ላይ ቀረ። በእግሩ ሲስቡት እግሩ ተነቅሎ መጣ። በመጥረቢያ ሲመቱት ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ ፊታቸው ላይ ተረጨ፤ ነጠላውም ምንም አልጠቀማቸውም። ትሉ በክንዳቸው ላይ ወጣ። የሚያስመልሱት እስኪያጡ አስመለሱ። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ድምፅ ሲመጣ እሳቸው እየተንገሸገሹ በሬውን ቁራጭ በቁራጭ ከውሃው መውረጃ አርቀው ሜዳው ላይ ይከምሩ ነበር። ሲጨርሱ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

እንደሚባለው በዚያን ሰዓት አንድ ጥንብ አንሳ ከቆላው በኩል መጥቶ ከፊታቸው አረፈ። ወይዘሮ አልጋነሽ አዩት። እንደ ግንቦቱ ነው፤ አንገቱ ያው መላጣ፣ ዓይኑ ያው ስግብግብ። እየተንገዳገደ ሄዶ እሳቸው እጃቸውን ለመንከር የተንገሸገሹበት ክምር ውስጥ አንገቱን እስከ ትከሻው ከተተና ደስ ብሎት ይበላ ጀመር። ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ወይዘሮ አልጋነሽ ያስጠላቸውን ያህል አስጠልቷቸው፣ ፊታቸውን ግን ማዞር አልቻሉም፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። ከሜዳው ሲነሡ ከበሬው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ወንዝ ወርደው ቢታጠቡ ሽታው አልለቅ አላቸው። በክት ነክተዋልና ቤተ ክርስቲያን አልገቡም፤ ከቅጽሩ ውጪ ቆመው ጸለዩ። ቅዳሴው አልቆ ቄስ ክንፉ ነገሩን ሲሰሙ፣ ከሕዝቡ ሁሉ አስቀድመው መስቀል ሊያሳልሟቸው ወጡ። ገና ከበሩ ሳያልፉ ሽታው ተቀበላቸው። ወደ ኋላ መመለስም አልቻሉ፣ መተንፈስም አልቻሉ፤ በግራ እጃቸው አፍንጫቸውን ያዙና በቀኛቸው መስቀሉን ዘርግተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ፍየል ሆነ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሳቁ። ልደታ ዕለት ከተሳቀባቸው ወዲህ ገና የሳቁት ያን ቀን ነው ይባላል፤ መስቀሉን ተሳልመውም አላቆሙም። ቄስ ክንፉም አፍንጫቸውን ሳይለቁ ሳቁና፣

«እንግዲህ ወፎቹን ወደድሻቸው?» አሏቸው።

«ኧረ የለም፣ አባቴ። እሱ የፈጠራቸው ይውደዳቸው። እኔ ላመስግን።»

ከቅጽሩ ውስጥ ነጭ ለብሶ የቆመው ሕዝብ ይህን አየ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ አያ ደምለው መጫኛውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ፤ መንደርተኛው ተከተለው። ያን ፍልሰታ ወንዱ ሁሉ ከቅጽሩ ውጪ ቆሞ አስቀደሰ ይላሉ። ወፎቹ ገደሉ ላይ ሰፈሩ፤ ምንጩ ጠራ። ደብሪቱም ውሃ እየጠጣች በረታችና መስከረም ሲጠባ ወለደች።

ሰፌድ አምባዎች ጥንብ አንሳ ባዩ ቁጥር አፍንጫ ይዞ ማማተብን የተማሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በቅርቡ አንድ ሰባኪ ከሌላ ደብር መጥቶ ይህን አይቶ ተቆጣ፤ ፈጣሪ አፍንጫ ተይዞ አይመሰገንም፣ ከማመስገናችሁ በፊት እጃችሁን ከአፍንጫችሁ አውርዱ ብሎ ገሠጻቸው። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው እንዲህ አሉት ይባላል፦

«አባቴ፣ ወፉን የፈጠረው አፍንጫችንንም የፈጠረው እሱ አይደል? ሁለቱንም ስለሚያውቅ አይቀየመንም።»