ትል የናቀችው ቀረሶ

በእኛ ሐይቅ ዳር፣ እከሊት ከሠርግ ቀረች፣ የተሰጣትን ገፋች ተብሎ ሐሜቱ ሲደራ፣ ከመሀል አንዱ አጭር አባባል ጣል ያደርግና ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። ለእንግዳ ሰው የዓሣ አጥማጅ ምክር ይመስለዋል። ቃሉ ግን የተገኘው አንድ ትዳር ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። እኔ ከአማቴ ከእማማ እልፍነሽ ሰምቼዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ኑሮ ነው የነገሩኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አጣመው ይነግሯችኋል ብዬ ስብሰለሰል ከርሜ፣ ይኸው ጻፍኩት። ነገሩ ሲሆን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩና እዚህ ላይ «እሷ» ብላቸው ነፍሳቸው አይቀየመኝም።

እልፍነሽ የተወለደችው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዷ ነው። ሽብሩ የሚባል የመቂ እህል ነጋዴ አግብቶ ወሰዳት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉ ነውና ሆዷ ሲገፋ ወደ ደሴቷ ተሻገረች። ገና ሰባት ወሯ ነበር። የታንኳው መናጥ ይሁን ሌላ እንጃ፣ በደረሰች በሳምንቱ ምጥ ያዛት። እኔ እስከ ዛሬ ነፍሰ ጡር ታንኳ ላይ ስትወጣ ካየሁ እስክትወርድ ድረስ ቁጭ ማለት አልችልም። የተወለደው ወንድ ልጅ ጭብጦ ያህል ነበር። ለቅሶው እንኳ ከበሩ አያልፍም።

እናቷ ወይዘሮ በለጡ የልጁን መጠን ሲያዩ ክፉ ዓይን ፈሩ። ማንም እንዳያየው፣ ማንም ትንሽነቱን እንዳያወራ ከለከሉ። ከመቂ ጋር ወሬ የሚያመላልሱት አባ ዳምጤ የሚባሉ አጎታቸው ነበሩ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሰውም ያሻግራሉ። እሳቸውንም በመስቀል አስማሏቸው።

«አባቱ ቢጠይቅዎትስ ምን ይሉታል?» አሉ በለጡ።

«ምን ልበለው?»

«እንደ ድንጋይ ጠንክሯል ይበሉት።»

አልፈርድባቸውም። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ይደብቃል። እኔም የልጅ ልጄ ሲያተኩሰው ለጎረቤት «ተኝቶ ነው» እላለሁ። ግን ስስት ብቻዋን ስትመክር ምን እንደምታመጣ እዩ።

ልጁ አይቆይም ተብሎ ስለተፈራ ክርስትናው ያለቀኑ በጥድፊያ ተነሳ። አባቱ አልተጠራም። ሽብሩ ይህን ሲሰማ ምግብ አልበላም አሉ። ቂም ግን አልያዘም፤ ጋቢ ገዝቶ ላከላት፤ ትምጣልኝ ብሎ። አባ ዳምጤ ተመልሰው «እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» አሉት፤ ሌላ ቃል የለም። አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ላከ። «እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።» በመጨረሻ የብር ጉትቻ አሠርቶ ላከ። መልሱ ያው ነው።

«ልጄስ?» ይላል ሽብሩ።

«እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።»

ላቀው የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ምላሱ አያርፍም። «ልጁ ደህና፣ እሷ ደህና» አለው አንድ ቀን። «ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደልክባት አንተ ነህ። ስጦታውን ወስዳ ሰጪውን የተወች ሴት ንቃሃለች ማለት ነው።»

ይህች ነገር ሽብሩ ሆድ ገብታ ተቀመጠች። ልጁ ከተወለደ ሦስት ወር ሞላው። መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ አንዴ ጥሎ ሐይቁ ለብ ሲል፣ ላቀውን ምስክር አድርጎ አባ ዳምጤ ታንኳ ላይ ወጣ። መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ተናገረ።

«አባ ዳምጤ፣ ዛሬ በዚህ ታንኳ አብራኝ ካልተመለሰች፣ ነገ ሽማግሌ ልኬ እፈታታለሁ።»

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ያዝ አደረጉና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ግን ምለዋል። መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ደሴቷ ላይ ሲደርሱ ሌላ ወግ ጠበቃቸው። ወይዘሮ በለጡ ከላይ ሰው ልከው «ከፀሐይ የመጣ ሰው አራስ ቤት ዘው አይልም፤ ላቡ እስኪደርቅ፣ የፀሐይ ምቹ እስኪወጣለት እታች ይቀመጥ» አሏቸው። ሽብሩ ፊቱ ጠቆረ። የታንኳ ማሰሪያው የእንጨት ርብራብ ላይ፣ እግሩን ወደ ውኃው አንጠልጥሎ ተቀመጠ። እናንተ እንዲህ አትቀመጡ፤ እንጨቱ ያሟልጫል።

አባ ዳምጤ አዘኑለት መሰል መንጠቆና ጥቂት ትል ሰጡት። «በዚህ ሰሞን ዓሣው ዳር ይወጣል። እስኪበርድልህ ሞክር።»

ውኃው ከርብራቡ ሥር ጥርት ብሏል። ክንድ የምታክል ቀረሶ የሚሏት ዓሣ ሸምበቆው ጥላ ውስጥ ቆማለች፤ አትሄድም፣ አትመጣም። ሽብሩ ትሉን አፍንጫዋ ሥር አወረደላት። ዓይኗን ወደ ትሉ አዞረች፤ ቀጥላ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ትል ናቀች» አለ ላቀው። «ሊጥ ሞክር።»

ሊጥ አወረደ። እንደገና ፈንጠር አለች።

«ፌንጣ።»

ፌንጣ ከሣሩ ይዞ አወረደላት። አፏ ድረስ ደረሰ፤ አልከፈተችም።

«ቅቤ ቀባው እንግዲህ» አለ ላቀው። «ለደሴት ሴት ቅቤ መላክ ለምደህ የለ!»

ሽብሩ አልሳቀም። ጆሮው ቀላ። «ይቺም ኩራተኛ ናት። ጠግባ ነው።»

«ጠግባ?» አሉ አባ ዳምጤ። «ልጄ፣ ሆዷን አየኸው?»

አልሰማቸውም። እጀታ ያለውን መረብ ከታንኳው ላይ አንስቶ ባንድ ጊዜ ጨልፎ አወጣትና ርብራቡ ላይ ጣላት። ዓሣዋ አንዴ ተንፈራገጠች። ከዚያ ያን ያህል ጥርቅም አድርጋ ይዛው የነበረውን አፏን ከፈተችው።

ከአፏ ሌላ ዓሣ ፈሰሰ። ሰናፍጭ የሚያክሉ፣ ዓይንና ጅራት ብቻ የሆኑ ብዙ መቶ ልጆች በእርጥቡ እንጨት ላይ ተበተኑ። የእሷ ሆድ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሽብሩ።

«ልጆቿ ናቸዋ። ቀረሶ እንዲህ ናት፤ አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። በራሳቸው እስኪዋኙ ድረስ እህል የሚባል አትቀምስም። አፏን ለምግብ ብትከፍት እነሱን ታጣለች።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት። ሲብስም ከዚያ በላይ።»

ሽብሩ በጉልበቱ ወደቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ውኃ ቀዳበት፤ እነዚያን ቅንጣቶች በጣቱ ጫፍ፣ እንዳይጨፈልቃቸው ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ባንድ ይለቅም ጀመር። ላቀውም ቀልዱን ትቶ ጎንበስ አለ። እናትየዋን አባ ዳምጤ በሁለት እጃቸው ይዘው ሸምበቆው ሥር መለሷት፤ ሽብሩ ባርኔጣውን ቀስ አድርጎ አጠገቧ ዘቀዘቀው።

ሦስቱም ርብራቡ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ጠበቁ። ቀረሶዋ በጎኗ ተንሳፈፈች። ቆየች። ሽብሩ «በቃ ገደልኳት» ሲል፣ ክንፏ ተንቀሳቀሰ፤ ቀና አለች። ዞራ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ልጆቿ ዝናብ እንደመጣበት የበግ መንጋ እየተጋፉ፣ ከዚህም ከዚያም ተጠራርተው ገቡላት። የመጨረሻው ሲገባ አፏን ገጠመች።

ሽብሩ ከተኛበት አልተነሳም። «አባ ዳምጤ።»

«አቤት።»

«ልጄ ምን ያህላል?»

«እኔ በመስቀል ምያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ስለ ልጁ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ስለ ዓሣ ግን አልማልኩም። ስለ ዓሣ የፈለግኸውን ጠይቀኝ።»

ሽብሩ በጣቱ ወደ ሸምበቆው አመለከተ። «ያቺ ዓሣ፣ ትሉ ሲወርድላት አምሯት ነበር?»

«እንዴት አያምራት! የራባት እኮ ናት።»

ተነሳ። እግሩን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ እጁን ሁለት ጊዜ በአሸዋ ፈተገ፤ የዓሣው ሽታ እንዳይቀርበት። ወይዘሮ በለጡ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ዛሬ መንገድ የለም» አሉ ገና ሳይደርስ። «ነፋስ አለ። ልጁ ደህና ነው፣ ጠንክሯል፣ ግን ነፋስ አለ።»

«እማማ፣ ልወስዳት አልመጣሁም» አለ። «ላያቸው ነው።»

ፊቱን አዩት። ከበሩ ገለል አሉ።

ቤቱ ጭለም ያለ ነው። እልፍነሽ ግድግዳው ሥር ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ አልተሠራም፣ የጉንጯ አጥንት ወጥቷል። የላከው ጋቢ አለ፤ የለበሰችው ግን እሷ አይደለችም፤ ደረቷ ላይ የተኛውን ልጅ አራት እጥፍ ሆኖ ጠቅልሎታል። ቅቤውም አለ፤ በልጁ ገላ ላይ ያብለጨልጫል። ጉትቻው በክር ተቋጥሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ለምን አላደረግሽውም?» አላት።

«ጎንበስ ስል ጭንቅላቱን ይጭርብኛል» አለች። ቀጥላ፣ «ንቃኛለች ብለሃል አሉ።»

«ብዬ ነበር።»

«ሽብሩ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከደረቴ አውርጄው አላውቅም። ካወረድኩት ይበርደዋል። ለምን እንደቀረሁ እንዳልልክብህ እማማ ዓይን ትፈራለች፤ አልመጣም ብቻ እንዳልልህ ደግሞ እኔ ፈራሁ።»

ተጠግቶ ጋቢውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አደረገው። የዚያ ልጅ እጅ የአባቱን አውራ ጣት አያህልም ነበር። ያ ልጅ ኋላ ባሌ ሆነ። ያን ቀን በዚያ ነፋስ ቢያሻግሩት ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ ልጆቼንም የልጅ ልጆቼንም ቤቱ ውስጥ እየዞርኩ እቆጥራለሁ።

ሽብሩ ሁለት ወር ደሴቷ ላይ ቆየ። ሱቁ ተዘግቶ ከረመ። እሷ ስትደክም ሸሚዙን አውልቆ ልጁን በራሱ ደረት ላይ ያስተኛ ነበር፤ የአገሩ ወንዶች ሳቁበት፣ እሱ አልሰማም።

ያን ዕለት ከሰዓት ግን ማዕበሉ ሳይነሳ ታንኳዋ መመለስ ነበረባት፤ የተመለሰው ላቀው ብቻ ነው። አባ ዳምጤ ይቀዝፋሉ፤ እሱ አቀርቅሮ የሽብሩን እርጥብ ባርኔጣ ይዟል። ሱቁን ሲዘጋ ሽብሩ እንደላከው ምልክት ይሁንህ ብሎ አደራ ሰጥቶት ነው። ደሴቷ ከኋላቸው አነሰች።

«ጋቢ፣ ቅቤ፣ የብር ጉትቻ» አለ በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ልኮላት ስትቀር፣ እኔ እኮ የናቀችው መስሎኝ ነበር።»

አባ ዳምጤ መቅዘፊያቸውን ከውኃው አውጥተው ጠብታው እስኪያልቅ ጠበቁና እንዲህ አሉት፦ «ልጅ የጎረሰች መንጠቆ አትጎርስም።»