ከተከፈተ የማይሸጥ ቅባት

«የሚቀባ ነው?»

«አይ፣ የሚሸጥ ነው።»

በመንዝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ አጥር ጥግ ከተሰማው ጨዋታ ሰው የሚያስታውሰው ይህችኑ ነው፤ ሌላው ተረስቷል። ከዚያ የተወለደችው ተረት ግን እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልወረደችም።

ጠያቂዋ ወይዘሮ ትርንጎ፣ መላሹ የክርስትና ልጃቸው አሥራደ ነው ይባላል። አሥራደ አፏ በቀይ ሰም የታሸገች የወገብ ቅባት ብልቃጥ በመሐረቡ እየወለወለ ያሳያቸዋል።

«እማማ፣ ላሚቱን ይሽጡና ሽያጫችን ውስጥ ይግቡ። አንድ ካርቶን ይወስዳሉ። ከሥርዎ ሁለት ሰው ያስገባሉ፤ እነሱም ከሥራቸው ሁለት ሁለት። ከሚሸጡት ሁሉ ድርሻ እየመጣልዎ እርስዎ ቁጭ ብለው መብላት ነው!»

«ላሚቱ ከሄደች ምን እየበላሁ ነው ቁጭ የምለው?»

«ኧረ እማማ! ነገ እኮ በሩ ይዘጋል!»

«ለመሆኑ ወገብ ያድናል?»

«እሱን እንኳ ገና አልሞከርነውም።»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በላሚቱ ወተት ነው። ቢሆንም የክርስትና ልጅ ነውና ፊት መንሣቱ ከበዳቸው። «ነገ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፤ ያኔ እነግርሃለሁ» ብለው ሸኙት።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ጠበል ጻዲቁን ቀምሶ ሊነሣ ሲል፣ ሌሊቱን ማሕሌት ቆመው ያደሩት መምሬ ይኄይስ ወገባቸው ያዛቸውና መደቡ ላይ ተዘረሩ።

«ቅባት ያለው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ትርንጎ።

የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ ከኮቱ ኪስ፣ አንዷ ከመቀነቷ፣ ሁሉም ብልቃጡን አወጣ። ሰሙን የነካ ግን የለም።

«ከተከፈተ አይሸጥማ!» አለ አንዱ።

«አባታችን ይግዙኝና ልክፈተው» አለች ሌላዋ።

«ከመግዛትስ ቢገቡ ይሻላል፤ ከሥሬ አንድ ቦታ አለኝ» አለ ሦስተኛው።

«እኔስ ከመሬት ሥር ልገባ ነው!» አሉ መምሬ እያቃሰቱ።

ወይዘሮ ትርንጎ መልሳቸውን ሊሰማ ወደመጣው አሥራደ ዞሩ። «ስማኝ ልጄ፣ ላሜ ማንንም አስገቢ ሳትለኝ ወተቷን ትሰጠኛለች፤ ከበረቷ አትወጣም። ይህን ሁሉ ሰው ያስገባኸው አንተ ነህና ያንተን ክፈት።»

አሥራደ ብልቃጡን አገላብጦ አየ። ዙሪያውንም አየ። ቤቱ ሙሉ ሻጭ ነው፤ ቅባት የሚያስፈልጋቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ገዢ አይደሉም። ላቡን ጠረገና «እሺ፣ እከፍታለሁ» ብሎ ቢላ ፍለጋ ጓዳ ገባ።

ቢላው አልገኝ ብሎ እሱ ሲዘገይ፣ መምሬ ይኄይስ ጀርባቸውን ገልጠው በደረታቸው እንደተኙ፣ ብልቃጥ በእጁ ይዞ የከበባቸውን ማኅበርተኛ ቀና ብለው አዩና፣ «አይ ልጆቼ፣ አገር በቅባት ተጥለቀለቀ፣ የኔ ወገብ ግን ደረቀ!» አሉ።