ቅርጫቱን ያነቀው ሰላምታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» አትበሉኝ፤ የዚህ ተረት መሠረቱ አየር ላይ ነው።

ወይንሐረግ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፏን በኮሌጁ ኢሜይል ለመምህሯ መላክ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ካልደረሰ ምረቃዋ ለከርሞ ነው፤ እናቷ ደግሞ ለምረቃው ብለው ከጎጃም ተነሥተው መንገድ ላይ ናቸው። ክረምት ነበርና የኮምፒውተር ክፍሉን መስኮት ጉም ሸፍኖታል። ከእሷና በሩ አጠገብ ኪሮሽ ከሚሠሩት ጠባቂ ከእትዬ አልጋነሽ በቀር ሰው የለም። «ላክ» የሚለውን ተጫነች።

«አልሄድም» አለ መልእክቱ። ድምፁ ከጀርባዋ የመጣ መሰላት። «ሸክሜ ከባድ ነው፤ የኢሜይል ሣጥንሽ ማለፊያ ነሣኝ።»

ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ፈራች፤ ግን ሰዓቱ ይሄዳል።

«ሣጥን ሆይ፣ መልእክቱ አልሄድም አለ፣ ሰዓቱ አልቆምም አለ። እባክህ ልቀቀው።»

«አልለቅም» አለ ሣጥኑ። «እስከ አፍ ገደፌ ሞልቻለሁ። የቆሻሻ ቅርጫቱ አልውጥ ያለውን ሁሉ እኔው ተሸክሜዋለሁ።»

እውነቱን ነው። በዚያ ኮሌጅ በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ለሁሉም ይጽፋል፤ ሁሉም ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ለሁሉም ይመልሳል። ወይንሐረግ ሳትከፍት ወደ ቅርጫቱ ትወረውራለች፤ ቅርጫቱን ግን አንድ ቀን ባዶ አድርጋው አታውቅም። ቤት ጠርጎ ጥራጊውን አልጋ ሥር! ጽዳት መስሏት ነው፣ ምስኪን።

«ቅርጫት ሆይ፣ ሣጥኑ አልለቅም አለ፣ መልእክቱ አልሄድም አለ፣ ሰዓቱ አልቆምም አለ። ዋጥና ባዶ ሁንልኝ።»

«አልውጥም» አለ ቅርጫቱ እያቃሰተ። «ሌላውንስ በዋጥኩት፤ አንድ ሰላምታ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።»

ከሁሉ በታች፣ ገና ኮሌጁን ስትረግጥ የመጣ፣ ያልተከፈተ ሰላምታ አገኘች።

«ሰላምታ ሆይ፣ ቅርጫቱ አልውጥም አለ፣ ሣጥኑ አልለቅም አለ፣ መልእክቱ አልሄድም አለ፣ ሰዓቱ አልቆምም አለ። ተነሥልኝ።»

«አልነሣም» አለ ሰላምታው። «ሰላምታ የእግዜር ነው፤ ሳይመለስ አይጠፋም።»

ከፈተችው። «ልጄ ወይንሐረግ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ትናንት ብቻሽን ስታለቅሺ አየሁሽ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለሁልሽ። ዘርጋው ነኝ።»

«እትዬ አልጋነሽ፣ የቤተ መጻሕፍቱ አቶ ዘርጋው ዛሬ ገብተዋል?»

የሴትዮዋ ኪሮሽ ቆመ። «ጋሼ ዘርጋው? ካረፉ እኮ ከራረሙ። ምነው ልጄ?»

ወይንሐረግ ወደ ሰላምታው ዞረች። «የሞተ ሰው ምን ያነባል?» አለች በሹክሹክታ።

«ማንበብ የእሱ ነው፤ መመለስ የአንቺ ነው» አለ ሰላምታው። «ትንሽ ቃል ሸክም የላትም፤ በጠባቡም ታልፋለች።»

ወይንሐረግ አለቀሰች። ያንን የመጀመሪያ ሳምንት አስታወሰች፤ አለሁልሽ የሚላት ሰው እንዴት እንደ ራባት። እያለቀሰችም ጻፈች፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።» ላከችው።

ያን ጊዜ ሰላምታው ተነሣ፣ ቅርጫቱ ዋጠ፣ ሣጥኑ ለቀቀ፣ መልእክቱ ሄደ፣ ሰዓቱ እንኳ ለአንድ አፍታ የቆመ መሰለ። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መምህሯ «ደርሶኛል» ብለው ጻፉላት።

«ተመስገን!» ብላ ልትነሣ ስትል፣ ለአቶ ዘርጋው ከላከችው ቃል ሥር አንዲት አዲስ ምልክት አየች። «ተነብቧል» ትላለች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ የተላከላችሁንም ሰላምታ መልሱ።