ቅዳሜን የጠበቀችው አንጓ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አሹላችኋል፤ አውቃችኋለሁ። የዛሬው በረት ግን ላም የለበትም። የቆመችበት አሮጌ ፒክአፕ ናት። ካልጣማችሁ ሂዱ፤ ከጣማችሁ ተቀመጡና አታቋርጡኝ።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ጋሽ ወልደሃና የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ፒክአፗ የእሳቸው ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ አንጥፈው ከሥሯ ይገቡና በጣታቸው ግሪስ እየዛቁ መገጣጠሚያዎቿን አንድ በአንድ ይቀቧቸዋል። እየቀቡም ያጫውቷቸዋል። ማን እንዳገባ፣ የማን በሬ እንደጠፋ፣ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ይነግሯቸዋል። ብረቶቹም ያዳምጣሉ። ከሁሉ አብልጣ የምታዳምጠው ግን አንዲት ትንሽ አንጓ ነበረች። የመሪውን ክንድ ከፊት ጎማ ጋር የምታያይዘው፣ ጋራዥ ውስጥ ቴስቲና የሚሏት፣ እሷ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ ወልደሃና ደረታቸውን ታመሙ። ልጃቸው አስካለች በዚችው ፒክአፕ አሳፍራ ከጀማ ማዶ፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለችው እህታቸው ዘንድ አደረሰቻቸውና ባዶዋን ይዛ ተመለሰች። ክረምቱ አለፈ፤ በጋው ገባ፤ ሰውየው አልመጡም። አስካለች ገበያ ወጣች፣ ወፍጮ ቤት ደረሰች፣ ነዳች፣ ነዳች። ከሥር የሚገባ ግን ጠፋ።

ፒክአፗም ላላች። መሪውን አንድ ስንዝር ቢያዞሩት ጎማው አይሰማም። መካኒኮች እንዲህ ሲሆን «መሪው ጨዋታ አለው» ይላሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ውሸት ነው። የሚያጫውተው ሰው ያጣ፣ ጨዋታ ከየት ያመጣል?

አንድ ማለዳ ከማዶ መልእክት መጣ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ ብሏል። ጋሽ ወልደሃና ደጃፋቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱ ሰግተዋልና ቶሎ ውሰዱኝ ብለዋል። ወደዚያ አፋፍ የሚወጣ ሌላ መኪና የለም። የጀማ ቁልቁለት ደግሞ በላላ መሪ የሚወረድ አይደለም፤ እዚያ አንድ ስንዝር ስህተት ገደል ነው።

በረቱ ውስጥ ጠብ ተነሣ። መሪው እኔ አዝዣለሁ፣ አልሰማ ያሉት ጎማዎቹ ናቸው ብሎ ከሰሰ። ጎማዎቹ ምንም ትእዛዝ አልደረሰንም፣ መሪ ተብለህ ሳትመራን ምን ልንሆን ነው ብለው መለሱ። እዚያው በረት የምታድረው እመት አህያ ፒክአፗ ካልተነሣች ሸክሙ ሁሉ ወደ ጀርባዬ ይዞራል ብላ ስለፈራች ሁለቱንም ወገን ስታዋርድ ዋለች።

በመጀመሪያው ቀን አስካለች ጥፋቱን በመሪው አሳበበች። የመሪውን ሳጥን አጠበቀች። ደግማ አጠበቀች። መሪው ደረቀ፤ አንዴ ከዞረ አልመለስም አለ። ከግቢ እንደወጣች ፒክአፗ የጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገባች። አስካለችም ይቅርታ ጠይቃ፣ ያጠበቀችውን መልሳ አላላች።

በሁለተኛው ቀን ጥፋቱን በጎማዎቹ አሳበበች። ነፋቻቸው፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረች። ፒክአፗ ግን ጠላ ቤት እንዳመሸ ሰው መንገዱ ሁሉ አልበቃት አለ።

በሦስተኛው ቀን አስካለች ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ አለቀሰች። አባቷ በየማለዳው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እንደሚቀመጡ ተነግሯታል። ይሄኔ ከፒክአፗ ሥር እመት ኤሊ ተናገረች። ከፀሐይ ሽሽት እዚያው ነው የምትውለው፤ እስከዚያ ቀን የጠየቃት የለም እንጂ። አስካለች ከላይ መሪውን ቀስ ብላ ወዲያ ወዲህ እንድትለው፣ የመሪው ቃል የት እንደሚጠፋ ግን እሷ ከሥር እንደምታይላት ነገረቻት።

አስካለች መሪውን ወዘወዘች። ዘንጉ ሰማ። ሳጥኑ ሰማ። ክንዱ ሰማ። ትንሿ አንጓ ዘንድ ሲደርስ ቃሉ ጠፋ። አንጓዋ ደርቃለች፣ ተበልታለች፤ ማቀፊያዋ ሰፍቷት ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት ኤሊ።

«ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነበር።»

«ስንት ቅዳሜ አለፈ እኮ።»

«እሳቸው ያልመጡበትን አልቆጥረውም» አለች አንጓ። «ድምፃቸው ናፈቀኝ። የማን በሬ እንደጠፋ እንኳ ሳልሰማ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ኤሊም አሁን ግሪስ ቢቀቡሽስ ብላ ጠየቀቻት። አንጓዋ ግን የተበላ በቅባት እንደማይሞላ ታውቃለች፤ ፈትተው ሌላ እንዲገጥሙ ለመነች።

«ከሁላችን አብልጠሽ የናፈቅሽ አንቺ፣ እንዴት ፍቱኝ ትያለሽ?»

«ስለናፈቅሁ ነዋ» አለች። «እኔ እዚህ ካለሁ እሳቸው እዚህ አይደርሱም።»

ኤሊ የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ለአስካለች ነገረቻት። አስካለችም አዲስ አንጓ አስመጣች። አሮጌዋን ፈታች፤ አዲሷን ገጠመች፤ ቀባች፤ አጠበቀች። አሮጌዋን መጣል ግን አልሆነላትም። ጠርጋ የቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠቻትና የጀማን ቁልቁለት ተያያዘችው። በየጠመዝማዛው መሪው አዘዘ፣ ጎማው ሰማ።

ጋሽ ወልደሃና ከስተው ቆዩዋት። ሆኖም እስቲ አንዴ ብለው መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ትንሽ ወዲያ፣ ትንሽ ወዲህ አሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አስካለች፣ ትንሿን ምን አደረግሻት?»

«ተበልታ ነበር አባዬ። ፈታኋት።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

«እኔንም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጣቴን ይበላኝ ነበር» አሉ። «የት አለች?»

«ቤት። መስኮቱ ላይ።»

ከመሪው ተነሥተው ቦታውን ለቀቁላት።

«እንግዲያው ንጂ» አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ራሳችሁ ብሉት። እኔ አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ ላላ የተባለውን ከማጥበቃችሁ በፊት፣ ማንን እንደናፈቀ ጠይቁት።