የጃርት ድፎ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ አንተም ትልቁ ሰውዬ አታኩርፍ፣ ጠጋ በል። የቅድመ አያቴ ቅድመ አያት ሳትወለድ፣ ስሙ በጠፋብኝ አገር አንድ ጅብ ነበረ። አንድ ቀን ደግ መሰለና ጎረቤቶቹን «የሊጥ ዕቃችሁን ልጠብላችሁ» አላቸው። በየዕቃው ግርጌ የቀረውን እርሾ ሙልጭ አድርጎ ደፋው። በአገሩ እርሾ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ሆነ።

ከዚያማ እርሾ ፈላጊ ሁሉ ደጁ ላይ ተንበርክኮ «ጌታዬ» እንዲለው አዘዘ። እርሾ እኮ ጎረቤት ከጎረቤት በነጻ የሚቀባበለው ነው! ያ ሆዳም!

እመት ጃርት ልጇን የምትድርበት ቀን ደረሰ። ለሰርገኛ ቂጣ ማቅረብ ደግሞ ውርደት ነው። ጅብ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ለነገ ሰርግ ትንሽ እርሾ ስጠኝ።»

«ተንበርከኪ! ሊጥሽ ያለኔ አይነሳም።»

«ጉልበቴ ለማንም አይታጠፍም!» ብላ እሾኋን አቁማ ተመለሰች።

መንገድ ላይ ነጋዴዋን አህያ አገኘቻትና ብሶቷን ነገረቻት። አህያም ከጭነቷ ነጭ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት፤ ዛሬ እናንተ ቤኪንግ ፓውደር የምትሉት ነው። «ከስንዴው ዱቄት ጋር በደረቁ ጥቂት ቀላቅይ። ውሃ ከነካው ግን አታሳድሪው፤ ወዲያው ድፊው» አለቻት።

ጃርት እንደተባለችው አድርጋ በኮባ ቅጠል ደፋች። ድፎው ኩፍ አለ! ሽታው ጅብን ጎትቶ አመጣው።

«ይህም የኔ ነው!» ብሎ የቀረውን ቋጠሮ ነጠቃት። «ነገ ሰርግሽ ላይ የኔን ዳቦ አይተሽ ትንበረከኪያለሽ!»

«ኧረ ካቦካኸው አታሳድረው፤ ዛሬውኑ ጋግረው!»

«ሊጥ ሳሳድር የኖርኩትን አንቺ ልታስተምሪኝ? ሊጥሽ ያለኔ አይነሳም!»

ቤቱ ገብቶ ቋጠሮውን በሙሉ ገልብጦ አቦካ፤ እንደልማዱም አሳደረው።

በማግስቱ ጅብ ዳቦውን ጋግሮ፣ ገልጦ እንኳ ሳያየው እንደተሸፈነ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ሰርጉ መሀል ገባ። ሲገልጡት እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ጦጣ ቀመሰችና «እንትፍ! ቂጣ! ያውም መራራ!» አለች።

ጃርት ድፎዋን አቅፋ ፊቱ ቆመች። «አያ ጅቦ፣ የኔ ሊጥ ያላንተ ተነሳ። ያንተስ?»

ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ጅብ ቂጣውን ታቅፎ ጫካ ገባ። ሊጥ ያለ ጅብ አይነሳም ብሎ ያመነው አውሬም ሁሉ በየቤቱ ዱቄት በውሃ በጥብጦ አዲስ እርሾ ጣለ፤ ለጎረቤቱም ሳይሰስት አካፈለ። ከዚያ ወዲህ ለጅብ የተንበረከከ የለም።

በእርሾው የኮራ ጌታ፣ ቂጣ ታቅፎ ተረታ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በጃርት ዳቦ እንጂ በጅብ ቂጣ እንዳታብሱ።