ባሻ ይርዳው ያልጨረሱት ታሪክ

አንድ ባሻ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከጎረቤት አገር ጋር በተደረገው ትልቅ ጦርነት ከዘመቱት መካከል እስከዚያ ዘመን በሕይወት የቆዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ የድሉ ቀን ሲከበር ንጉሡ ፊት ቆመው ያዩትን ይተርካሉ። ሕዝቡም እሳቸውን ለመስማት ከሩቅ ይመጣል፤ ገበሬውም ነጋዴውም የጀግና ልጅ መሆኑ እየተሰማው ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ዓመት ግን ድንበር ላይ ባለ የከብት ማጠጫ ምንጭ ሰበብ ከዚያው ጎረቤት ጋር ጠብ ተነሣ። ከመኳንንቱ ግማሹ እንታረቅ፣ ግማሹ እንዝመት አለ። ንጉሡ መዝመቱን ወደዱ። ባሻንም አስጠርተው በድሉ ቀን የሕዝቡን ልብ የሚያነሣሣ አድርገው እንዲተርኩ አዘዟቸው።

ቀኑ ደረሰና ባሻ ጀመሩ። ከአንድ ስልቻ ቆሎ እየዘገኑ አብረዋቸው ስለተጓዙት ጓደኞቻቸው፣ ዳገት በወጡ ቁጥር ስለሚያንጎራጉረው ስለ ሙላት፣ ጠላት ወንዙን ተሻግሮ ስለሸሸበት ማለዳ ተናገሩ። እንደ ወትሮው እልልታው ቀለጠ፤ ጎበዛዝቱ ይፎክሩ ጀመር። ንጉሡም የክተት አዋጁን ሊያሰሙ ተነሡ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ታሪኬን አልጨረስሁም» አሉ ባሻ።

ባሻም ጠላት ከሸሸ በኋላ የሆነውን ተናገሩ። ከመንደራቸው የዘመቱት ሠላሳ፣ የተመለሱት አራት ነበሩ። ሙላትን ወንዙ ዳር የቀበሩት በገዛ እጃቸው ነው። አራሽ በመጥፋቱ ሁለት ክረምት መሬቱ ጦም አደረ፤ በረሃቡ ጊዜ እህል ጭነው የደረሱላቸውም እነዚያው የተዋጓቸው ጎረቤቶች ነበሩ።

የንጉሡ ፊት ተለወጠ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅኸብን?»

«አልደበቅሁም። እዚህ ላይ ስደርስ እልልታው አያስጨርሰኝም። እናንተ ድሉን ትናፍቃላችሁ፤ እኔ የምናፍቀው ሙላትን ነው።»

አዋጁ ሳይታወጅ ቀረ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ወደ ድንበሩ ተላኩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ከምንጩ በየተራ ለማጠጣት ተስማሙ። አንዳንዱ ጎበዝ ባሻን ፈሪ ብሎ ሰደባቸው። በሚቀጥለው የድል ቀን ግን ሕዝቡ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማ፤ እልልም አለ፣ አለቀሰም።

አባቶቻችን ስለሞቱልን መኩራታችን ተገቢ ነው። ድሉን ብቻ የሚያስታውስ ሕዝብ ግን ጦርነት ቀላል ይመስለዋል፤ የሚያዘምተው ሲመጣም ለምን ብሎ አይጠይቅም። የአገር ትዝታ ሙሉ የሚሆነው ፉከራውም ለቅሶውም አብሮ ሲነገር ነው።

እኛስ ለልጆቻችን ስንተርክ የት ላይ ነው የምናቆመው?