በጆሮው የተመረጠው ውሻ

ተረት ላወራችሁ ነው፤ ጆሮ ስጡኝ፣ እንቅልፍ አትስጡኝ።

ድሮ፣ ሰው ሲሳሳት በር እንኳ ዝም በማይልበት ዘመን፣ ዘገየ የሚባል ገበሬ ከገደል አፋፍ አጠገብ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። አባቱ አባ ወንዴ አርጅተው ነገር ይረሳቸው ጀመር። እቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይሉና ይወጣሉ። በዚያው ሰሞን ሁለት ጊዜ ከአፋፉ ላይ ተመልሰዋል።

አንድ ቀን ዘገየ ሊወጣ ሲል በሩ ጠየቀው።

«ወዴት ነው?»

«ከጎረቤቴ ከብዙነህ ቤት ቡችላ ላመጣ።»

«ለምን?»

«ለሌባ ነዋ!»

«ማን ሰርቆህ ያውቃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ጠፍቶብህ ያውቃል?»

ዘገየ አሰበና «አባቴ፤ ያውም ሁለቴ» አለ።

«እንግዲህ ስትመርጥ ይህን አትርሳ» አለው በሩ። ዘገየ ግን በር ምን ያውቃል ብሎ ሄደ።

የብዙነህ ውሻ ሦስት ወልዳለች። ያገሩ ሰው ቡችላ የሚመርጠው በጆሮው አንጠልጥሎ ነው፤ ከጮኸ ፈሪ፣ ዝም ካለ ጀግና ይባላል። ዘገየ አንደኛውን አነሳ፤ ጮኸ። ሁለተኛውን አነሳ፤ አለቀሰና እጁን ላሰው። ሦስተኛውን አነሳ፤ ጭጭ አለ። ጭራሽ ጥርሱን አሳየው።

እናቲቱ ብድግ አለች። «ጋሼ ዘገየ፣ ልጆቼን በጆሮ አይመዝኑብኝ። የቤትዎን ችግር ይንገሩኝና እኔ ልምረጥልዎ። ሁለተኛው ልጄ፣ ሰው ከዓይኑ ሲርቅበት አይወድም፤ እየተከተለ ያላዝናል። ሽማግሌ ላለበት ቤት የሚሆነው እሱ ነው።»

«አልቃሻ ውሻ ይዤ ልግባ? አገር ይስቅብኛል!» አለና ዝምተኛውን ታቅፎ ሄደ። አገር እንዳይስቅበት ብሎ! ስንቱን ጥፋት የምናጠፋው ለዚሁ ነው።

ውሻው አደገ፤ አስፈሪ ሆነ። ከበሩ ላይ ይተኛል፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው። አባ ወንዴ አጠገቡ አልፈው ሲወጡ ቀና ብሎም አያያቸው፤ የቤት ሰው ናቸዋ።

አንድ ቀን ወጡ። ብዙነህ እጃቸውን ይዞ መለሳቸው፤ ውሻው ልብሱን ቀደደበት። ሌላ ቀን ወጡ። ብዙነህ መለሳቸው፤ ውሻው ባቱን ነከሰው። በሦስተኛው ወጡ። ብዙነህ ከሩቅ አያቸው፤ ቁስሉ ስላልዳነ ሮጦ ሊደርስባቸው አልቻለም። እያነከሰ እስከ አጥሩ መጣና ተጣራ።

«ዘገየ! አባትህ ወደ ገደሉ እየሄዱ ነው! ድረስላቸው!»

ውሻው ጮኸበት። ብዙነህ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ውሻው ባሰበት። በሩም «ስማው!» ቢል በጩኸቱ ተዋጠ። ዘገየ ከጓሮ ሆኖ ቀንበር እየጠረበ «አይ የኔ አንበሳ!» ይላል።

አባ ወንዴን ከገደሉ ሥር አወጧቸው። አባትን እንደዚያ ተሸክሞ መመለስ ለጠላትም አይሁን።

ዘገየ ዱላ አንስቶ ወደ ውሻው ሄደ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ጌታዬ፣ የሚመጣውን መልስ ብለው መረጡኝ፤ መለስኩ። የሚሄደውን ጠብቅ ያለኝ ማን አለ?»

ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ለቅሶው ሲሰማ አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ ውሻው ግን ማንንም አላስገባ አለ። ቢያስሩት ገመዱን በጠሰ። ከሰው ሁሉ የሚሰማው ዘገየን ብቻ ነበር። እናም ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው እቤት ገብቶ አባ ወንዴን ሲያለቅስ፣ ልጃቸው ደጅ ላይ የውሻውን አንገት በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እንባውን የሚጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረውም።

እናንተም ውሻ ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን እዩ፤ ያልመጣውን ሌባ ሳይሆን ያለውን ሰው አስባችሁ ምረጡ። እኔ ተረቴን ለእናንተ አድርሻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለየቤታችሁ አድርሱልኝ።